ሕፃናትን ከውሃ አደጋ ስለ መጠበቅ

እናቶች ሆይ፤

አንዲት እናት የሁለት ዓመት ልጇን ያጣችው በወንዝ አይደለም፤ በጓሮዋ፣ ልብስ በታጠበበት ሳፋ ውስጥ ነው። «እንጀራ እየጋገርኩ ነበር፤ ድምፅ እንኳ አልሰማሁም» አለችኝ። ይህች እናት ሰነፍ አልነበረችም፤ የሚሰጥም ልጅ ይጮኻል ብላ ታምን ነበር እንጂ።

አይጮኽም። ውሃ አፉንና አፍንጫውን ከዘጋው መጮኺያ ትንፋሽ የለውም። የትንሽ ልጅ ራስ ለአካሉ ከባድ ስለ ሆነ፣ አንድ ጊዜ ከተደፋ መነሣት ያቅተዋል። ስንዝር የማይሞላ ውሃ ይበቃዋል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደ ገመተው፣ በፈረንጆች አቆጣጠር በ2021 ዓ.ም. በዓለም ላይ ሰጥመው ከሞቱት 300 ሺህ ያህል ሰዎች ከአራቱ አንዱ ያህል ዕድሜው ከ5 ዓመት በታች ነበር።

ስለዚህ እንዲህ አድርጉ፤

1ኛ/ ሥራ እንዳበቃ የሳፋውንና የባልዲውን ውሃ ድፉ፤ ጋንና በርሜል ይከደን።

2ኛ/ የውሃ ጉድጓድ ልጅ የማያነሣው ክዳን ይኑረው፤ ኩሬ በእሾህ ይታጠር።

3ኛ/ ሥራ ሲበዛባችሁ ልጁን የሚጠብቅ አንድ ትልቅ ሰው በስሙ ጠርታችሁ አደራ በሉት። «ሁላችንም እናያለን» ከተባለ ማንም አያይም። ሕፃንን ለሌላ ሕፃን አደራ አትስጡ።

4ኛ/ ደጋው ላይ ከዘነበ፣ በናንተ ዘንድ ፀሐይ ቢሆንም ደራሽ ውሃ ይመጣል። ወንዙ ከደፈረሰ ወይም ድምፁ ከጨመረ ልጆች አይሻገሩ።

ልጅ ቢሰጥምባችሁ፣ ዋና የማትችሉ ከሆነ ዘላችሁ አትግቡ፤ እየጮኻችሁ ሰው ጥሩ፤ ረጅም ዱላ፣ ገመድ ወይም ጋቢ ዘርጉለት። ከወጣ በኋላ በእግሩ ዘቅዝቃችሁ አታራግፉት፤ ሆዱንም አትጫኑ፤ ጊዜ ይባክናል። በጀርባው አስተኙት፤ አገጩን ቀና አድርጉ። ካልተነፈሰ አፍንጫውን ይዛችሁ፣ አፋችሁን ባፉ ገጥማችሁ፣ ደረቱ ከፍ እስኪል 5 ጊዜ እፍ በሉበት። ካልነቃ የደረቱን መካከል 30 ጊዜ ጠንከርና ፈጠን አድርጋችሁ ተጫኑ፤ 2 ጊዜ እፍ በሉ። እስኪተነፍስ ወይም የጤና ባለሙያ እስኪደርስ እንዲህ እየደጋገማችሁ አታቋርጡ። ነቅቶ ቢጫወት እንኳ ያኑኑ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።

ይህን ወረቀት ማንበብ ለማይችሉ ጎረቤቶቻችሁ አንብቡላቸው። ዛሬ ማታም ከመተኛታችሁ በፊት ጓሮውን ዙሩ፤ ክፍት ውሃ ካለ ክደኑ።