ግሮቴስክ፦ በካፍካ «ሜታሞርፎሲስ» ውስጥ የሳቅ ቦታ

ግሮቴስክ አስቂኙና አስፈሪው በአንድ አካል የሚጋጠሙበት ስልት ነው፤ የትኛው እንደሚያመዝን ግን አጥኚዎች አይስማሙም። ቮልፍጋንግ ካይዘር (እ.ኤ.አ. 1957) የሚታወቀው ዓለም ባዕድ ሲሆን የሚወለደውን ፍርሃት፣ ሚካኢል ባኽቲን (እ.ኤ.አ. 1965) ደግሞ የካርኒቫልን አዳሽ ሳቅ ያስቀድማሉ። እ.ኤ.አ. በ1915 ለታተመው «ሜታሞርፎሲስ» ካይዘር ይቀርባል፤ ሆኖም ብቻውን አይበቃም። ግሬጎር ሳምሳ ተባይ ሆኖ ሲነቃ የሚያስጨንቀው ያመለጠው ባቡርና የአለቃው ቁጣ ነው። አንባቢ እዚህ ላይ ይስቃል፤ አባቱ የወረወረው ፖም ጀርባው ላይ ተሰክቶ ሲበሰብስ ግን ያው ሳቅ ያሳፍረዋል እንጂ አያድሰውም። ካፍካ ተባዩ በሽፋኑ ላይ እንዳይሳል አሳታሚውን መጠየቁም (የኋላ ሠዓሊዎች ብዙ ጊዜ ባይሰሙትም) ግሮቴስኩን ከቅርጹ አስቀያሚነት ይልቅ ቤተሰቡ የዕለት ኑሮውን እንዳልተነካ ለማስቀጠል በሚያደርገው ጥረት ውስጥ ለመፈለግ ያበረታታል።