ስለ ሕፃናት የልደት ቀንና ስለ በዓላት ወራት

የልጅ መወለድ ደስታ መሆኑን የሚክድ የለም። በጎንደር ከተማም ሆነ በወገራና በስሜን ደጋ፥ ሴት በምጥ በተያዘች ጊዜ ጎረቤቶቿ «ማርያም፥ ማርያም» እያሉ ይማልዳሉ፤ በሰላም በተገላገለችም ጊዜ እልል ብለው ገንፎ ሠርተው ይቀማመሳሉ። ነገር ግን አባቶቻችን ይህን ዕለት ቈጥረው በየዓመቱ ድግስ አያደርጉለትም ነበር። በቤት ውስጥ በየወሩና በየዓመቱ የሚታሰበው ቤተሰቡ የሚዘክረው የቅዱሱ ዕለት ነበር፤ ብዙ ሽማግሌም ዕድሜውን ሲጠይቁት ዘመኑን በአንድ ታላቅ ነገር ያመለክታል እንጂ ቀኑን አይናገርም።

ዛሬ ግን የልደት ቀን በዓል ከብዙ ቤት ገብቷል። ኬክ ይገዛል፥ ፊኛ ይሰቀላል፥ በሕፃኑ ዕድሜ ልክ ሻማ ይበራል። ወላጆችም ይህ ነገር ይገባልን እያሉ የንስሐ አባቶቻቸውን ይጠይቃሉ። ከካህናት አንዳንዱ ፈጽሞ ይከለክላል፤ አንዳንዱም ዝም ይላል። ዝምታው ለወላጆች አይጠቅምም፤ ክልከላውም ማስረጃው ሊመረመር ይገባዋል።

የሚከለክሉት ወገኖች የሚጠቅሱት ሁለት ታሪክ ነው። ፈርዖን በልደቱ ቀን የእንጀራ አበዛዎቹን አለቃ ሰቀለ (ዘፍ. 40፥20-22)፤ ሄሮድስም በልደቱ ግብዣ የዮሐንስን ራስ አስቈረጠ (ማር. 6፥21-28)። ነገሩ እውነት ነው። ሆኖም ንባቡን ላስተዋለ ሰው ሄሮድስን ያስኰነነው የተወለደበትን ቀን መቍጠሩ አይደለም፤ በዘፈን ተማርኮ ያለ ልክ መማሉና በእንግዶቹ ፊት እንዳያፍር ሲል ጻድቁን መግደሉ ነው። ይኸው ዮሐንስ በተወለደ ጊዜ ብዙዎች ደስ እንደሚላቸው መልአኩ አስቀድሞ ለዘካርያስ ነግሮት ነበር፤ የኤልሳቤጥም ጎረቤቶችና ዘመዶች ከእርሷ ጋር ደስ ተሰኝተዋል (ሉቃ. 1፥14 እና 58)። ቤተ ክርስቲያናችንም የጌታን ልደት ታኅሣሥ 29፥ በዘመነ ዮሐንስ 28፥ የእመቤታችንን ግንቦት 1፥ የመጥምቁን ሰኔ 30፥ የአቡነ ተክለ ሃይማኖትን ታኅሣሥ 24 ቀን ታከብራለች። እንግዲህ ልደትን ማሰብ በራሱ ኃጢአት ነው ብሎ መፍረድ ከመጽሐፍም ከሥርዓትም አይገኝም።

እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። በዚህ በአዲሱ በዓል ሕፃኑ በመካከል ተቀምጦ የሚቀበል ብቻ ሆኗል። ይዘፍኑለታል፥ ስጦታ ያመጡለታል፥ ፎቶግራፍ ያነሡታል፤ ከእርሱ የሚፈለግ ሥራ ቢኖር ሻማውን እፍ ብሎ ማጥፋት ነው። (ጧፍ አብርተን ለምንቆም ለእኛ፥ መብራት በጠፋ ጊዜ ማጨብጨብ እንግዳ ነገር ነው፤ ግን በዚህ ብዙ አልከራከርም።) በቀድሞዎቹ በዓላት ሕፃን ሥራ አለው። ለቡሄ ወንዶቹ በትር ይዘው በየደጁ ይጨፍራሉ፤ የተሰጣቸውን ሙልሙል ይካፈላሉ፥ ባለቤቱንም መርቀው ይሄዳሉ። ለእንቁጣጣሽ ሴቶቹ አበባ ይዘው እየዘፈኑ ይዞራሉ። ለከተራ የሰንበት ትምህርት ቤት ሕፃናት በታቦቱ ፊት እየዘመሩ ወደ ፋሲለደስ መጠመቂያ ይወርዳሉ። ሰባት ዓመት ያልሞላው ልጅ ሽማግሌውን ሲመርቅ ሽማግሌው ቆሞ «አሜን» ይላል፤ ይህን የመሰለ ትምህርት በየትኛው ግብዣ ይገኛል?

በዚህ ላይ የበዓላቱ ወራት ወጪ አለ። ከገና እስከ ጥምቀት 12 ቀን ብቻ ነው። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» የሚለው ተረት ላለው ሰው ጨዋታ ነው፤ ለድኻ እናት ግን ጭንቀት ነው። አዲስ ልብስ ስለሌላቸው ልጆቿን ከጥምቀተ ባሕር የምታስቀር እናት አለች፤ ለልብስና ለኬክ የተበደረውን እስከ ፋሲካ ሲከፍል የሚቈይ አባትም አለ። ታቦት ለመሸኘት የታጠበ ልብስ ይበቃል። ይህን ካህኑ በዐውደ ምሕረት በግልጥ ቢናገር ብዙ ቤት ያርፋል። አንዳንዱ ቤት ደግሞ ጥድ ቈርጦ ጥጥ እንደ በረዶ ይበትንበታል፤ በስሜን እውነተኛው አመዳይ ሣሩን ሲያለብሰው እያየን የጥጥ በረዶ መግዛታችን ያስገርማል። ሕፃናት ይዘው ወደ ጥምቀተ ባሕሩ የሚወርዱ ወላጆችም ግፊያ ከበዛበት ስፍራ ይራቁ፤ በ2012 ዓ.ም. በዚያው በፋሲለደስ መጠመቂያ የእንጨት መቀመጫ ተደርምሶ ሰዎች ሞተዋል።

በእነዚሁ 12 ቀኖች መካከል፥ ጥር 3 ቀን፥ ሄሮድስ በቤተ ልሔም ያስፈጃቸው ሕፃናት ይታሰባሉ። ይህ ሄሮድስ የመጥምቁን ራስ ያስቈረጠው የሄሮድስ አባት ነው። ቤተ ክርስቲያን በገናና በጥምቀት ደስታ መካከል የእነዚያን እናቶች ልቅሶ ታሰማናለች፤ ልቅሶውም ለእኛ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም። በ2013 ዓ.ም. ማብቂያ ጦርነቱ እስከ ዳባት አካባቢ በደረሰ ጊዜ ብዙ ቤተሰብ ሕፃናቱን ይዞ ተሰዷል። የሚቻለው ቤት ለልጁ ካዘጋጀው ላይ ለተፈናቀለ ወይም አባት ለሌለው ልጅ ቢያካፍል፥ የሚሰጠውም ሕፃኑ ራሱ በገዛ እጁ ቢሆን፥ ጥር 3 በቤቱ ታሰበ ማለት ነው።

ለልጃቸው አንድ ቀን ለይተው ማክበር የሚወዱ ወላጆች ግን የክርስትናውን ቀን ቢይዙ እመክራለሁ። ወንድ በ40 ቀን፥ ሴት በ80 ቀን መጠመቃቸው በኦሪት ዘሌዋውያን 12 የተወሰነውን ቍጥር የተከተለ ነው፤ አዳም በ40፥ ሔዋን በ80 ቀን ወደ ገነት መግባታቸውም በመጽሐፈ ኩፋሌ ተጽፏል። በዚያ ቀን ሕፃኑ ሜሮን ተቀብቷል፥ ሥጋውንና ደሙን ተቀብሏል፥ ስም ተሰጥቶታል፥ የክርስትና አባት ወይም እናት አግኝቷል። ዛሬ ካህኑ ለቍርባን የቀረበውን ልጅ ስመ ክርስትናውን በጠየቀው ጊዜ፥ ልጁ ወደ እናቱ ያያል፥ እናቲቱም ወደ አባቱ ታያለች። የፊኛው ቀለም ሳይረሳ ስሙ ተረስቷል! ቀኑ በየዓመቱ ቢከበር ስሙ አይረሳም ነበር። ጧት ልጁን አቍርቡት፤ ወደ ክርስትና አባቱ ቤት ይሂድና ይመረቅ፤ ከዚያም በኮባ ቅጠል የተጋገረውን ድፎ ዳቦ እርሱ ራሱ ተሸክሞ ለጎረቤትና ከወላጆቻቸው ርቀው ለሚማሩት ለቆሎ ተማሪዎች ያድል። እኛም ካህናት ክርስትና ባነሣን ጊዜ ቀኑንና ስሙን ጽፈን ለወላጆች መስጠትን ቸል አንበል።

ብዙዎችን የሚያስቸግረው በጾመ ነቢያት የተወለደ ልጅ ነገር ነው፤ ከኅዳር 15 ጀምሮ እስከ ገና ቅቤና እንቍላል ያለበት ኬክ አይበላምና። ሕፃኑ ለጾም ዕድሜ ባይደርስም የሚጋበዙት ይጾማሉ። ወንድ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ቍጥሩ ራሱ ያቃናዋል፤ ኅዳር 20 የተወለደው 40ኛው ቀን ታኅሣሥ 29፥ ታኅሣሥ 2 የተወለደው ጥር 11፥ በበዓታ ለማርያም ታኅሣሥ 3 የተወለደውም ጥር 12 ይውላል። ታኅሣሥ 3 የተወለደች ሴት ልጅ ግን 80ኛ ቀኗ የካቲት 22 ነው፤ ዐቢይ ጾም ቀድሞ በሚገባበት ዓመት ከጾሙ ውስጥ ይወድቃል። ለእርሷም ድፎ ዳቦው አለ፤ ቅቤም እንቍላልም የለበትምና ጾም አያስቀረውም።