ሳንሰማ አንፍረድ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናን! በዐቢይ ጾም ከሥጋና ከወተት እንከለከላለን፤ እሰየው፣ መልካም ነው። ነገር ግን ከቅዳሴ ወጥተን ገና የቤተ ክርስቲያኑን ቅጽር ሳንለቅ «እገሌ እኮ እንዲህ አደረገ አሉ» እየተባባልን፣ የአንድ ወገን ወሬ ይዘን በወንድማችን ላይ ከፈረድን ጾማችን ምን ይጠቅመናል? ሥጋ አልበላንም፤ የወንድማችንን ስም ግን በልተናል።

በዚህ ነገር ታላቁ ንጉሥ ዳዊት እንኳ ተሰናክሏል። ልጁ አቤሴሎም ዐምፆበት ከኢየሩሳሌም ሲሸሽ የሜምፊቦስቴ አገልጋይ ሲባ ሁለት የተጫኑ አህዮች፣ 200 እንጀራ፣ ዘቢብና የወይን ጠጅ ይዞ ተቀበለው። ንጉሡ ጌታው የት እንዳለ ቢጠይቀው፣ መንግሥት ይመለስልኛል ብሎ በኢየሩሳሌም ቀርቷል አለው። ዳዊት ደክሞታል፣ ልቡ አዝኗል፣ ስጦታውም ከፊቱ ቆሟል። ተከሳሹ ግን በቦታው የለም። እዚያው የሜምፊቦስቴን ሀብት ሁሉ ለሲባ ሰጠው (2ኛ ሳሙ. 16፥1-4)።

ዳዊት በሰላም ሲመለስ ሜምፊቦስቴ ሊቀበለው ወጣ። ንጉሡ ከሄደበት ቀን ጀምሮ ጢሙን አላስተካከለም፣ ልብሱን አላጠበም። እግሩ ሽባ ስለሆነ አህያ ጭኖ ሊከተል እንደ ነበረ፣ አገልጋዩ ግን አታልሎት እንደ ከሰሰው ተናገረ። ዳዊትም ምድሩን ሁለቱ እንዲካፈሉት አዘዘ (2ኛ ሳሙ. 19)። ልብ በሉ! የመጀመሪያው ፍርድ ከተሰጠ በኋላ የተመለሰለት እኩሌታው ብቻ ነው። በችኮላ ያጠፋነው ስምም እንዲሁ ነው፤ «ይቅርታ፣ ተሳስቼ ነው» ብንልም ወሬው የደረሰበት ቦታ ሁሉ ይቅርታው አይደርስም።

ጠይቀው የዳኑም አሉ። የሮቤል፣ የጋድና የምናሴ ነገድ እኩሌታ በዮርዳኖስ አጠገብ ትልቅ መሠዊያ ሠሩ የሚል ወሬ ሲሰማ እስራኤል ሊወጓቸው በሴሎ ተሰበሰቡ። ነገር ግን አስቀድመው ካህኑን ፊንሐስንና ዐሥር አለቆችን ላኩ። ሄደው ቢሰሙ መሠዊያው ለመሥዋዕት ሳይሆን የአንድነታቸው ምስክር እንዲሆን የተሠራ ነው። ጦርነቱም ቀረ (ኢያሱ 22)። አንድ ጥያቄ የስንቱን ደም አዳነ!

የዐቢይ ጾም ሰባተኛው እሑድ በስሙ የሚጠራው ኒቆዲሞስም ይህን ያስተምረናል። ፈሪሳውያን ጌታን በሌለበት ሲያወግዙት፣ ሰውን ሳይሰሙ መፍረድ የሕጉ ሥርዓት እንዳልሆነ ደፍሮ ጠየቃቸው (ዮሐ. 7፥50-51)። በዚህም ተሰደበ። እኛስ ስንቶቻችን ነን በማኅበር፣ በዕድር፣ በቡና ላይ የሌላ ሰው ስም ሲነሳ «እስቲ እሱንም እንስማው» የምንል?

እንግዲህ ምን እናድርግ? አንደኛ፣ ክስ ስንሰማ «አንተ ራስህ አይተሃል ወይስ ሰምተህ ነው?» ብለን እንጠይቅ። ሁለተኛ፣ የተከሰሰውን ራሱን እናነጋግር፤ ሳናቋርጠውም እንስማው። ሦስተኛ፣ ወዳጅ ነው ወይም ስጦታ ሰጥቶናል ብለን አናድላ። አራተኛ፣ በስልክ የደረሰንን ወሬ ሳናጣራ ለሌላ አንላክ።

አንዳንዱ «ታዲያ ተበደልኩ የሚል ሰው እስኪጣራ ይጠብቅ ማለት ነው?» ይል ይሆናል። አይደለም! የተደበደበች ሚስት ወይም የተጎዳ ሕፃን ቢመጣ መጀመሪያ እናስጠጋ፣ ቁስሉን እናሳክም፣ ከአደጋ እናርቅ። መርዳት ቀጠሮ አይሰጠውም፤ ፍርድ ግን ማጣራት ይፈልጋል።

ሁሉን የሚያውቅ አምላክ እንኳ አዳምን ሳይጠይቀው አልፈረደበትም (ዘፍ. 3፥9-11)። ልብን ማየት የማንችል እኛማ ምንኛ ልንጠይቅ ይገባን! እንግዲያው በዚህ ጾም በልባችሁ የፈረዳችሁበት ሰው ካለ፣ ከሥጋ ወደሙ በፊት ሄዳችሁ ስሙት።

የሚያስተውል ልቡና፣ የሚሰማ ጆሮ እግዚአብሔር ያድለን። አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።