ትምህርት ቤት ራሱን ስለሚመረምርበት መንገድ

ለዲሬክተሮች፥ ለአስተማሪዎችና ለአገር ሽማግሌዎች

ገበሬ አዝመራውን በሰበሰበ ጊዜ ከዐውድማው ቆሞ የዘንድሮውን ምርት ካምናው ጋራ ያስተያያል። ምርቱ ያነሰ እንደ ሆነ፥ ዘሩ ነቅዞ ወይም አረሙ በጊዜው ሳይነቀል ቀርቶ እንደ ሆነ ይመረምራል እንጂ ዝም ብሎ ለከርሞ አይዘራም። የትምህርት ቤት አዝመራ ግን የሕፃናት ዕውቀት ነውና በቁና አይሰፈርም፤ ስለዚህ ተግቶ የሚመረምረው ከሌለ ጉድለቱ ብዙ ዘመን ተሰውሮ ይኖራል።

ለዚህም ምስክር የሚሆን ነገር በ2002 ዓ. ም. ታይቷል። በዚያ ዓመት በልዩ ልዩ የኢትዮጵያ ክልሎች የሕፃናት ንባብ በተፈተነ ጊዜ፥ ከ100 የ2ኛ ክፍል ተማሪዎች 34ቱ ከቀረበላቸው ታሪክ አንዲት ቃል እንኳ ለማንበብ አልቻሉም። የእነዚህ ሕፃናት ስም በመዝገብ ተጽፎ ነበር፤ ነገር ግን መዝገብ የሕፃኑን መምጣት እንጂ ማወቁን አይመሰክርም። ይህንንም ለመረዳት ከሩቅ የሚመጣ ፈታኝ መጠበቅ አያስፈልግም፤ ዲሬክተሩ ሕፃኑን ጠርቶ «ይህን አንብብልኝ» ቢለው በጥቂት ደቂቃ የሚገለጥ ነው።

1ኛ፤ በስኮትላንድ አገር የተሠራው ሥራ

ትምህርት ቤቶች ራሳቸውን የሚመረምሩበትን መንገድ በሚገባ ካዘጋጁት አገሮች አንዱ ስኮትላንድ ነው። የዚያ አገር የትምህርት ተቈጣጣሪዎች እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1996 «ትምህርት ቤታችን ምን ያህል መልካም ነው?» የሚል መጽሐፍ አወጡ። በዚህም ትምህርት ቤትን የሚመዝኑበትን መስፈርት ሳይሰውሩ፥ ሚዛኑን ለተመዛኙ አስረከቡት። መጽሐፉ በ2002፥ በ2007ና በ2015 እየታረመ እንደ ገና ወጣ። በ4ኛው እትም መስፈርቶቹ 15፥ ደረጃዎቹም 6 ናቸው። ደግሞም በኢንተርኔት ስለ ተቀመጠ ማንም ዲሬክተር ያለ ዋጋ አግኝቶ ሊሠራበት ይችላል። በ2018 ተማሪዎች ራሳቸው በምርመራው እንዲካፈሉ የሚረዳ ሌላ ጽሑፍ ተጨመረለት።

የዚህ ሁሉ መሠረት ሦስት አጫጭር ጥያቄዎች ናቸው። እነዚህም፥ ሥራችን እንዴት ነው? ይህንን በምን ዐወቅን? ከእንግዲህስ ምን እናደርጋለን? የሚሉ ናቸው። ከሦስቱ የሚከብደው ሁለተኛው ነው፤ «ሥራችን መልካም ነው» ማለት ለማንም አይሳነውም፤ «በምን ዐወቃችሁ?» ሲባል ግን ማስረጃ ያስፈልጋል።

የስኮትላንድ ሰዎች ማስረጃውን በሦስት ከፍለውታል፤ ይኸውም የተቈጠረ ነገር፥ የሰው ቃልና በዓይን የታየ ነገር ነው። የአገር ሽማግሌ በዛፍ ጥላ ተቀምጦ ነገር ሲያይ ባንድ ሰው ቃል እንደማይፈርድ፥ ዲሬክተርም ባንድ ማስረጃ ብቻ አይፍረድ። ሦስቱ ምስክሮች ሲስማሙ ነገሩ ይጸናል፤ ባይስማሙም የተሰወረው ጉድለት የሚገኘው እዚያው ላይ ነው።

2ኛ፤ ከእንግሊዝ አገር የሚገኘው ማስጠንቀቂያ

በእንግሊዝ አገር ደግሞ የተቈጣጣሪዎች መሥሪያ ቤት በ2005 ትምህርት ቤቶች በኢንተርኔት የሚሞሉት የራስ መመርመሪያ ቅጽ አወጣ። ቅጹን መሙላት በሕግ የታዘዘ አልነበረም፤ ዳሩ ግን ተቈጣጣሪው ሳይመጣ አስቀድሞ የሚያነበው ስለ ሆነ ትምህርት ቤቶች እንደ ግዴታ ቈጠሩት። ለሕፃናት ሊውል የሚገባው ጊዜ ለጽሕፈት እየዋለ ሸክሙ ስለ በዛ፥ በ2011 ቅጹ ቀረ።

ከዚህም የሚገኘው ትምህርት ግልጥ ነው። ትምህርት ቤት ራሱን የሚመረምረው ለራሱ ሲል እንደ ሆነ ጉድለቱን ያወጣዋል፤ ተመልካችን ደስ ለማሰኘት ሲል እንደ ሆነ ግን ይሸፍነዋል። በሽታውን የደበቀ መድኀኒት የለውም።

3ኛ፤ በገጠር ትምህርት ቤት እንዴት ይሠራል?

በኢትዮጵያ ከ1999 ዓ. ም. ጀምሮ የትምህርት ቤት መሻሻል ፕሮግራም ትምህርት ቤቶች ራሳቸውን በአራት ነገር እንዲመረምሩ አዝዟል። እነርሱም መማርና ማስተማር፥ ምቹ የትምህርት ስፍራ፥ የትምህርት ቤት አመራርና የኅብረተሰብ ተሳትፎ ናቸው። አራቱንም ባንድ ጊዜ አሟልቶ ለማረም መሞከር ግን ሁሉንም በከንቱ ያስቀራል። ስለዚህ አስቀድሞ አንዲት ጥያቄ ብቻ መምረጥ ይሻላል፤ ለምሳሌ «የ2ኛ ክፍል ልጆች ያነባሉን?» የምትለውን።

ከዚህ በኋላ ሦስቱ ምስክሮች ይጠየቃሉ። መጀመሪያ እያንዳንዱ ሕፃን ከዚህ በፊት ያላየው አጭር ታሪክ ተሰጥቶት ያነባል፤ ስንቱ እንዳነበበ፥ ስንቱም ያነበበውን እንዳስተዋለ ይቈጠራል። ሁለተኛ ሕፃናቱና ወላጆቻቸው ይጠየቃሉ፤ በቤት መጽሐፍ አለን? እረኝነት ከትምህርት ያስቀረዋልን? ሦስተኛ ዲሬክተሩ ከክፍሉ በስተኋላ ተቀምጦ፥ በአንድ የትምህርት ሰዓት ስንት ሕፃናት ራሳቸው እንዳነበቡ ያያል። ምናልባት የሚያነቡት በፊት ወንበር የተቀመጡት አምስት ልጆች ብቻ ሆነው ይገኛሉ። እንዲህ ከሆነ መድኀኒቱ ቅርብ ነው፤ በየቀኑ ለሕፃናቱ ሁሉ በተራ የሚደርስ የንባብ ጊዜ ማዘጋጀት ነው። ከሦስት ወር በኋላም ያው ምርመራ ይደገማል።

ኢንተርኔት በማይደርስበት ቀበሌም ሥራው አይቀርም። ዲሬክተሩ ወደ ወረዳው ከተማ ሲወርድ የመመርመሪያውን ጽሑፍ በስልኩ ይዞ ይመለስና በደብተር ይገለብጠዋል። ከጽሑፉም የሚበልጠው ጥያቄዎቹን በእውነት መጠየቅ ነው።

በምርመራው ጊዜ አስተማሪው ቅጣት የሚፈራ እንደ ሆነ እውነቱ አይወጣም። ስለዚህ ዲሬክተሩ አስቀድሞ የራሱን ሥራ ለአስተማሪዎቹ ያስመርምር። «የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች» የተባለው ተረት እንዳይደርስበት ይጠንቀቅ። የአገር ሽማግሌዎችም ውጤቱ በጉባኤ ሲነገር «አሳፈራችሁን» ሳይሉ «ምን እናግዝ?» ቢሉ፥ ጉድለቱን የገለጠው አስተማሪ ይበረታል።

ለመነጋገሪያ የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. በትምህርት ቤቱ «መልካም ነው» የሚባለው ሥራ የትኛው ነው? ማስረጃውስ ምንድን ነው?
2. ከሦስቱ ምስክሮች እስከ ዛሬ ያልተጠየቀው የትኛው ነው?
3. በዚህ ዓመት ትመረመር ዘንድ የምትመረጠው አንዲት ጥያቄ ምን ትሁን?
4. ጉድለት በተገኘ ጊዜ ከዲሬክተሩ፥ ከአስተማሪውና ከሽማግሌው የሚጠበቀው ሥራ ምንድን ነው?