ሿሚውስ አይጠየቅምን?

ጦር ሲሸነፍ ሁሉም የሚወቅሰው ግንባር ላይ የነበረውን አዛዥ ነው። «ለመሆኑ ማን ሾመው?» ብሎ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ሹመት አማና ከሆነ ግን ሿሚውም በአማናው ተጠያቂ ነው፤ ይህንኑ ዛሬ ከታሪክ ማሳየት እወዳለሁ።

እ.ኤ.አ. በ1915 እንግሊዞች ጋሊፖሊ ላይ ከዑስማኒያ ቱርኮች ጋር ሲዋጉ፣ የግንባሩ አዛዥ ጄኔራል ሃሚልተን ለሱቭላ ዘመቻ ልምድ ያለው ጄኔራል እንዲላክለት ጠየቀ። የጦር ሚኒስትሩ ሎርድ ኪችነር ግን የማዕረግ ተራ ጠብቆ፣ በውጊያ ጦር መርቶ የማያውቀውን የ61 ዓመቱን ስቶፕፎርድን ላከ። ጦሩ ኮረብታዎቹን ሳይዝ ጊዜ አባከነ፤ ቱርኮችም ቀደሙት። ስቶፕፎርድ በቀናት፣ ሃሚልተን በወራት ውስጥ ተነሱ። ኪችነር ግን በ1916 እስከሞተ ድረስ ከሥልጣኑ አልወረደም።

ከዚህ አሥራ ሦስት ምዕተ ዓመት ገደማ ቀደም ብሎ፣ በ13ኛው ዓመተ ሂጅራ (እ.ኤ.አ. 634)፣ ኸሊፋ ዑመር (ረ.ዐ) ወደ ዒራቅ የሚዘምት ጦር ሲጠሩ ቀድመው የተነሱትን አቡ ዑበይድን አዛዥ አደረጓቸው። ሶሓቦችን እንዲያማክሩም አደራ አሏቸው። አቡ ዑበይድ ጀግና ነበሩ፤ ነገር ግን ምክር ሳይሰሙ የኤፍራጥስን ድልድይ ተሻገሩ። በፋርስ ዝሆኖች ፊት እርሳቸው ሸሂድ ሆኑ፤ ድልድዩ ተቆርጦ ብዙ ሙስሊም ወንዝ ውስጥ ሰጠመ። የተረፉት በኀፍረት መዲና ሲገቡ ዑመር በሟቹ ላይ አላላከኩም፤ የሸሹትንም አልወቀሱም። ለአቡ ዑበይድ የአላህን እዝነት ለመኑ፤ የተመለሱትንም «መጠጊያችሁ እኔ ነኝ» በሚል መንፈስ አጽናኑ። ቀጥሎም ሰዕድ ኢብን አቢ ወቃስን (ረ.ዐ) የሾሙት ሰዎችን አማክረው ነበር፤ የጦሩንም ሁኔታ በደብዳቤ እየጠየቁ በቅርብ ተከታተሉ።

ከዚህ ሁለት ትምህርት እንወስዳለን። አንደኛ፣ መልካምነትና ብቃት የተለያዩ ናቸው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የሚወዷቸው አቡ ዘር (ረ.ዐ) ሹመት ሲጠይቁ፣ ለዚህ አማና ደካማ መሆናቸውን ነግረው አልሾሟቸውም። ሁለተኛ፣ የሹመት ደብዳቤ መፈረም ኃላፊነትን አይጨርስም፤ ይጀምረዋል እንጂ። የበላይ መኮንን ለድሉ ሽልማት የሚቀበል ከሆነ ለመረጠው ሰው ጥፋትም መልስ ሊሰጥ ይገባል። ለሞቱት ወታደሮች እናቶች «እኔ አልነበርኩም» ማለት መልስ አይሆንም፤ በአላህ ፊትም ከሒሳብ አያድንም።

ወላሁ አዕለም።