ግቢ ውስጥ የዘመመ የመብራት ፖል፦ ምን ይደረግ?

ቶጎጫሌ ውስጥ ለብዙ ቤት መብራት የሚደርሰው ባለቤቱ ራሱ ባቆመው እንጨት ላይ አልፎ ነው። የመንገዱ ፖል ሲርቅ፣ ወይም ከአንድ ቆጣሪ ለኋላዎቹ የኪራይ ክፍሎች ሲቀጠል፣ ግቢው መሀል አጣና ወይም የብረት ቱቦ ይተከልና ገመዱ በእሱ ላይ ይወጠራል። ሲተከል ማንም ብዙ አላሰበበትም። ሲዘም ግን ተከራዩም አከራዩም አንጋጦ ያየዋል፤ ከዚያ አንዱ ደፋር መሰላል ያመጣል።

መሰላሉ ይመለስ። ሥሩ የበሰበሰ ፖል ብዙ ጊዜ ቆሞ የሚቆየው ገመዶቹ ወጥረው ስለያዙት ብቻ ነው። ገመዱ የተፈታ ዕለት ወይም የሰው ክብደት ያረፈበት ዕለት ከነሰውየው ይወድቃል። ስለዚህ የዘመመ ፖል ላይ አይወጣም፣ መሰላልም አይደገፍበትም፤ ዘንበል ባለበት በኩልም አይቆምም።

መጀመሪያ የሚጣራው ፖሉ ላይ ያለው መስመር የማን እንደሆነ ነው። መለያው ቆጣሪው ነው። ከመንገድ የመጣው ገመድ ፖሉ ላይ አርፎ ከዚያ ወደ ቆጣሪው የሚገባ ከሆነ፣ መስመሩ ከቆጣሪ በፊት ነውና የእርስዎ ብሬከር አያጠፋውም። የካርዱ ሒሳብ አልቆ ቤቱ ቢጨልምም ገመዱ 220 ቮልት ይዞ ይጠብቅዎታል፤ ባለሦስት ፌዝ ከሆነ በፌዝና በፌዝ መካከል 380 ነው። እንዲህ ያለውን መስመር ማጥፋት የሚችለው የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ብቻ ነው። ቆጣሪው አጥሩ ላይ ሆኖ ገመዱ ከእሱ ወጥቶ ወደ ፖሉ የሚሄድ ከሆነ ግን ፖሉም ወጪውም የእርስዎ ነው፤ ከቆጣሪው ቀጥሎ ያለውን ብሬከር ማውረድ መስመሩን ያጠፋዋል። ያጠፋዋል የምለው ሌላ ምንጭ ከሌለ ነው። በዚህ ከተማ ግን ጄኔሬተር አለ፣ ሶላር ከነኢንቨርተሩ አለ፣ መብራት ሲጠፋ ከጎረቤት የሚሳብ ገመድም አለ። ሁሉም ይነቀሉ፤ ብሬከሩ ላይም «ሰው እየሠራ ነው» ተብሎ በአማርኛና በሶማሊኛ ይለጠፍበት፤ ወይም ሰው ይቁምበት።

የዘመመው የመንገዱ ፖል ከሆነ ጨርሶ አይነካም። የቴሌኮሙኒኬሽንና የኤሌክትሪክ መረቦችን ደኅንነት የሚጠብቅ ራሱን የቻለ አዋጅ አለ፤ ቁጥር 464/1997። «ላቃናው ብዬ ነው» የሚል መልስ ብዙም አያድንም። 905 ይደውሉ፤ ከዚያ ማመልከቻ ያስገቡ። ሰው ዛሬም «መብራት ኃይል» ቢልም መሥሪያ ቤቱ በ2006 ዓ.ም. ለሁለት ተከፍሏል፤ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል የሚያመነጨውና የሚያስተላልፈው ሲሆን፣ ለደንበኛ የሚያከፋፍለው የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ነው። ማመልከቻዎ የሚሄደው ለሁለተኛው ነው። የደንበኝነት ቁጥርዎን፣ ቀበሌዎን፣ የቅርቡ ትራንስፎርመር የት እንዳለ ይጻፉ፤ ፖሉን ከሦስት አቅጣጫ ፎቶ አንስተው ያያይዙ። ከማመልከቻው ቅጂ ላይ ማኅተምና ቀን ያስመቱ፤ ፖሉ ወድቆ ጉዳት ካደረሰ የሚጠቅምዎ እሱ ነው።

ገመዱ ተበጥሶ መሬት ላይ ካረፈ ከዚህ ሁሉ በፊት ልጆችና ፍየሎች ይራቁ፤ ቢያንስ 10 ሜትር። ቅርብ ሆነው ከተገኙ አይሩጡ፤ እግርዎን ከመሬት ሳያነሱ በትንሽ በትንሹ እየጎተቱ ይራቁ። መሬቱ ራሱ ኤሌክትሪክ ስለሚይዝ ሰፊ እርምጃ በሁለት እግር መካከል ያስተላልፈዋል።

አሁን ምርመራው። እንጨት ከላይ አይበሰብስም፤ የሚበሰብሰው ከመሬቱ አፍ አንስቶ ወደ ታች 30 ሳንቲ ሜትር ገደማ ባለው ቦታ ነው፤ እርጥበትም አየርም የሚገናኙት እዚያ ነው። በመዶሻ በቀስታ መታ መታ ያድርጉት። ጤነኛ እንጨት ጠጣር ድምፅ ይሰጣል፤ ውስጡን ምስጥ የጨረሰው እንደ ባዶ በርሜል ያስተጋባል። ካቻቢቴ ቢወጉበት በቀላሉ ከገባ ፍርዱ አለቀ። በኬሚካል ያልተነከረ ባሕር ዛፍ መሬት ውስጥ ጥቂት ዓመት ብቻ ነው የሚቆየው። ሥሩን የተቃጠለ ዘይት መቀባት የተለመደ ነው፤ እኔ ብዙም አላምነውም፤ ላዩን እንጂ ውስጡን አይዘልቅምና። የብረት ቱቦ የሚዝገውም እዚያው መሬቱ አፍ ላይ ነው፤ ቀለሙ አብጦ ከተላጠ ውስጡ ተበልቷል። ኮንክሪት ከሆነ የተሰነጠቀውንና ፌሮው የወጣበትን ይፈልጉ።

ብረት ፖል ሌላ ጣጣ አለው። የገመዱ ላስቲክ ከጠርዙ ጋር እየተፋተገ ከተላጠ ቱቦው ሙሉ በሙሉ ኤሌክትሪክ ይይዛል። ልጆቹ «ትንሽ ይነዝራል» ካሉ ያንኑ ዕለት መስመሩ ይጥፋ። በደረቅ ጫማ ትንሽ የነዘረ ዝናብ በዘነበ ዕለት ይገድላል።

እንጨቱ ጤነኛ ሆኖም ፖሉ ሊዘም ይችላል፤ ጥፋቱ የአፈሩ ነው። የጅግጅጋ ሜዳ ሰፊው ክፍል ጥቁር መረሬ ነው። በጅላል ደርቆ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል፣ በጉና በከረን ዝናብ ያብጣል። በየዓመቱ ሲጨብጠው ሲለቀው ፖሉ ይላላል፤ የቀረውን ሜዳውን አቋርጦ የሚመጣው ነፋስ ይጨርሰዋል። ነፋሱን የሚያግዘው ደግሞ ሰው ነው፤ የጫት መሸጫው ሸራ ከፖሉ ይታሰራል፣ የልብስ ማስጫ ሽቦም እንዲሁ። ሁለቱም ዛሬውኑ ይፈቱ፤ ሽቦው ቀድሞ፤ ፖሉ ብረት ከሆነ ግን መስመሩ ከጠፋ በኋላ።

ሠራተኛ እስኪመጣ ድረስ የእንጨት ፖል ሊደገፍ ይችላል። ሁለት ደረቅ አጣና ወደ ዘመመበት ጎን እግራቸውን አራርቀው፣ ከሚወድቅበት መስመር ወጣ ብለው መሬት ላይ ቆመው በሚደርሱበት ከፍታ፣ ከገመዱ በጣም ዝቅ ብለው ያስደግፉ፤ እግራቸው እንዳይንሸራተት ችካል ይመታላቸው። በሽቦ አይታሰር፤ በዝናብ አይሠራ። መጥፋቱ ያልተረጋገጠ ብረት ፖል ደግሞ አይነካም።

አዲሱ ፖል የሚተከለው አሮጌው እንደቆመ ነው፤ አንድ ሜትር ያህል ራቅ ብሎ። ገመዱ ወደ አዲሱ ሳይዛወር አሮጌው አይቆረጥም። የሚቀበረው የርዝመቱ አንድ አሥረኛና 60 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ለ7 ሜትር ፖል 1 ሜትር ከ30 ማለት ነው፤ ከላይ 5 ሜትር ከ70 ይቀራል። ይህ ከፍታ የሚያስፈልገው ጭነት የተቆለለ አይሱዙ ግቢ ስለሚገባ ነው፤ መኪና የሚያልፍበት ላይ ገመዱ ሲረግብም ከ5 ሜትር ተኩል ባያንስ ይመረጣል። ጉድጓዱ በደረቅ ወቅት ይቆፈር፤ የውኃ ቱቦ በየት እንደሚያልፍ አስቀድመው ይጠይቁ። የወጣው መረሬ ተመልሶ አይሞላ፤ ገረጋንቲና ጠጠር እየጨመሩ በየ20 ሳንቲ ሜትሩ ይጠቅጥቁ። ለብረት ቱቦ ኮንክሪት ጥሩ ነው፤ አናቱ ከመሬት ከፍ ብሎ ውኃ እንዲያንሸራትት ወደ ውጭ ያጋድል። እንጨትን በኮንክሪት መክበብ ግን ውኃ አቁሮበት ያበሰብሰዋል።

ከቆጣሪ በኋላ ያለውን ገመድ የሚያዛውረው ከነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣን የብቃት ማረጋገጫ ያለው ኤሌክትሪሽያን ይሁን፤ ወረቀቱን ለማየት አይፈሩ። ገመዱ ስኒ ላይ ይረፍ፤ ባዶ ብረት ላይ አይጠምጠም። ብረት ፖል ኧርዝ ይደረግለት። አሮጌው ገመድ መሀሉ ላይ በፕላስተር የተቀጠለ ከሆነ በሙሉ ይቀየር፤ በአዲስ ፖል ላይ አሮጌ ቅጥል መስቀል ገንዘብ ማባከን ነው።

ከተተከለ በኋላ በሁለት ጎን ቱንቢ ይጣልለት፤ ከመጀመሪያው የጉ ዝናብ በኋላም ይደገም። ሥሩ ዙሪያ አፈሩ ከሰመጠ ገረጋንቲ ይጨመርበት። አሮጌው እንጨት አረንጓዴ የመሰለ ወይም ሬንጅ ሬንጅ የሚሸት ከሆነ በኬሚካል የተነከረ ነው፤ ጭሱ መርዝ ስለሆነ ለማገዶ አይሆንም፤ ለአጥር ይዋል።