ዓይን ይሠለጥናል

ባለፈው እሁድ ሁለተኛው ቡና ሳይቀዳ፣ ዋሽንግተን አካባቢ መኪና ማቆሚያ ውስጥ የሚሠራ አንድ ወዳጄ ከኪሱ አንዲት የአሜሪካ ሳንቲም አውጥቶ ከረከቦቱ አጠገብ አስቀመጠልኝ። የሊንከን ጉንጭ ተደፍጥጧል፤ የዓመቱ የመጨረሻ ቁጥር ከቦታው ተገፍቷል። «ስትሠራ የተሳሳተች ናት፣ ብዙ ዶላር ታወጣለች ብለውኛል» አለ። ምንም አልመለስኩለትም። አጉሊ መነጽሬን ሰጠሁትና «ሳንቲሟ ስትሠራ ይህ እንዴት ሊሆን ይችላል?» አልኩት።

ይህን ጥያቄ እናንተም ያዙት። ብዙ ሰው «ይህ ሳንቲም ይገርማል ወይ?» ብሎ ይጀምራል፤ የተበላሸ ሁሉ ደግሞ ይገርማል። አሠራሩን ያወቀ ሰው ግን በቀላሉ አይታለልም፤ አሠራሩ ደግሞ በአንድ ምሽት የሚገባ ነው። ከብረት ዝርግ ላይ ክብ ይቆረጣል፣ ጠርዙ ተጠቅልሎ ከፍ ይላል፣ ከዚያ በሁለት ማኅተሞች መካከል በኃይል ይመታል። እውነተኛ ስህተት ከእነዚህ በአንዱ ላይ የተፈጠረ ነው። ከዚያ በኋላ የደረሰበት ሁሉ ጉዳት ነው።

የ1955ቱን (በፈረንጆች አቆጣጠር) ባለ ድርብ ጽሑፍ ሳንቲም እንይ። በዚያ ዘመን ማኅተሙ ራሱ ምስሉን የሚያገኘው ከአንድ ጊዜ በላይ ተጭኖ ነበር። ሁለተኛው ጭነት ትንሽ ዞር ብሎ አረፈ፤ ስለዚህ ያ ማኅተም የመታው ሳንቲም ሁሉ አንድ ዓይነት ድርብ ጽሑፍ ይዞ ወጣ። ሁለቱም ፊደል ከፍ ያለና ሙሉ ነው። ማኅተሙ ላልቶ ሲመታ የሚመጣው ድርብርብ ግን ጠፍጣፋ ነው፤ ፊደሉ አጠገብ ደረጃ የተቆረጠ ይመስላል። ሁለቱን ጎን ለጎን አንድ ጊዜ ካያችሁ ዓይናችሁ አይረሳውም።

እኔ በጣም የምወደው ግን ጠርዙ እንደ ጨረቃ የተገመጠውን ነው። መቁረጫው ቀድሞ በተቆረጠ ቀዳዳ ላይ ሲያርፍ ክቡ ተገምጦ ይወጣል። ጠርዙ ሲጠቀለል የተገመጠው በኩል የሚገፋ ብረት ስለሌለ፣ ትክክል በተቃራኒው ያለው ጠርዝም ብዙ ጊዜ ሳይነሳ ይደበዝዛል። በሞረድ የበላው አስመሳይ ይህን ሊያደርግ አይችልም፤ ተቃራኒው ጠርዝ ሙሉ ሆኖ ያጋልጠዋል።

ሚዛንና ማግኔትም ይኑራችሁ። በ1943 መዳብ ለጦርነቱ ስለተፈለገ የአሜሪካ ባለ አንድ ሳንቲም ዚንክ በተቀባ ብረት ተሠራ፤ ክብደቱ 2.7 ግራም። ጥቂቶች ብቻ በተረፈ ነሐስ ላይ ታተሙ፤ እነሱ 3.11 ግራም ይመዝናሉ፣ ማግኔት አይስባቸውም። ነሐስ እንዲመስል መዳብ የተለበጠው የብረት ሳንቲም ግን ዘሎ ይጣበቃል። 1948ን ፍቆ 1943 ያደረገ ሰው ሚዛኑንም ማግኔቱንም ያልፋል፤ እዚያ ላይ ያሠለጠናችሁት ዓይን ሥራውን ይሠራል።

ወዳጄ ብዙ ደቂቃ ዝም ብሎ አየ። ከዚያ በጥፍሩ የቁጥሯን ዳር ነካ። «ብረቱ አልጠፋም፤ ወደ ጎን ተገፍቶ ተከምሯል። ጭረቱም ከፊቱ አልፎ ጠርዙ ድረስ ወርዷል» አለ። ቀና ሲል ፊቱ ላይ ቅሬታ አላየሁም። «ጎማና አስፋልት ነው፤ በየቀኑ የማየው!» ደስ አለኝ፤ ማንም ሳይነግረው ራሱ ደረሰበት።

አጉሊ መነጽሩን ይዞ ሄደ። ረቡዕ ማታ ደወለልኝ። ከመልስ ማሰሮው ውስጥ ጠርዟ የተገመጠ ሳንቲም አግኝቷል፤ ስንት ታወጣለች ብሎ አልጠየቀኝም።

«ተቃራኒውን አይቼዋለሁ» አለኝ፤ «ደብዝዟል። አሁን ሚዛን ከየት ነው የምገዛው?»